ከኢቮን ፒካፕ ስር

ኢቮን የሰደበኝ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ቅዳሜ፣ በመንደራችን አዳራሽ፣ የአዳኞች እራት ላይ።

«የጊስላን መኪና ወለል የለውም! ፍሬን ሲያስፈልገው እግሩን አስፋልት ላይ አውርዶ ነው የሚያቆመው!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ሚስቱ ኮሌት ናት።

ስድቡን የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያመነ ይመን...

ስለ ኮሌት ልንገራችሁ። ኢቮንን ከማግባቷ በፊት ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ክረምት ከጭፈራ ቤት በፒካፔ ስመልሳት ወለሉ ዝጎ ተበስቶ ኖሮ፣ የመንገዱ በረዶና ጭቃ ከስር ተረጭቶ አዲስ ጫማዋን አበላሸው።

በሚቀጥለው ሳምንት በኢቮን ፒካፕ ሄደች።

በዚያው ቀረች።

በዝገት ምክንያት ሴት ያጣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኛ ጋ፣ ጋስፔ በሚባለው የባህር ዳርቻ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ከባህሩም ጨው ይነፍሳል። መኪና የሚበላው ከስር ነው። ስለዚህ በረዶ ሳይጥል ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ መኪናውን የእንጨት መወጣጫ ላይ አውጥቶ ከስር ዘይት ይረጫል። ከዚያ በአቧራማው መንገድ ነድቶ ይመለሳል። አቧራው ዘይቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ጨው አያስገባም።

እኔም ይህንኑ አደርጋለሁ። ያው ዘይት። ያው መንገድ። የኔ ይበሰብሳል፣ የኢቮን ሻንሲ፣ መኪናውን ከስር የሚሸከመው ብረት፣ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል።

ለምን?...

ይህ ጥያቄ ነው ስንት ዓመት ሆዴን ሲበላኝ የኖረው።

እራቱ ባለፈ በሳምንቱ ኢቮን ራሱ ደጄ መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ!

«ጊስላን፣ ና እስኪ ቁምልኝ። ዘይት ልረጭ ነው።»

«ወንድምህን አትጠራም?»

«አኩርፈሃል እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

መኪና ስር ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። ይህ የእኛ ሕግ ነው፤ መኪና ተንሸራቶበት የሞተ ሰው በየመንደሩ አለ። አንዱ ከውጭ ይቆምና የመኪናውን በር ያንኳኳል። ከስር ያለው ብረቱን አንኳኩቶ ይመልሳል። «አለሁ» ማለቱ ነው።

ለምን ሄድክለት ትሉኝ ይሆናል። ምስጢሩን ለማየት ነው። ለሌላ አይደለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ንፋስ የለም። ኮሌት ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ድንች ትልጣለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ኢቮን ገባ። መርጫው ፉ... ፉ... ይላል።

በሩን አንኳኳሁ።

ከፊት በኩል መለሰ። ኳ፣ ኳ።

ከዚያ... ከኋላ በኩልም መለሰ።

ኳ፣ ኳ።

«ኢቮን፣ የት ነህ?»

«ሞተሩ ስር ነኛ! የት ልሁን?»

«ከኋላም አንኳኳህ እኮ።»

«እጄ አራት ሜትር ነው? ጆሮህም ዛገ እንዴ?»

ጆሮህም ዛገ! አያችሁ? ከስር ተጋድሞም ይሳደባል።



ጨርሶ ሲወጣ ተሳፈርንና በአቧራው መንገድ ወረድን። ከኋላ ምንም ጭነት የለም፣ መኪናዋ ግን ከብዷት ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» አለ ኢቮን።

ዳገቱ ላይ ከወለሉ በታች አንድ ነገር ተንፏቀቀ...

በእግሬ ስር አለፈ። ቀስ ብሎ፣ ከፊት ወደ ኋላ። በመካከላችን ያለው አንድ ስስ ቆርቆሮ ነው።

እግሬን ከወለሉ አነሳሁ። ኢቮን ያፏጫል።

ግቢው ስንደርስ መወጣጫው ላይ መልሶ አወጣት። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

አቧራው ሻንሲውን በሙሉ ይዞታል። ግራጫ፣ እኩል፣ የሚያምር። 

ከዚያ ነው ያየኋቸው...

የእጅ አሻራዎች።

ቀጭን መዳፍ፣ ረጃጅም ጣቶች። ከማርሹ ሳጥን ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማው ድረስ። ተንጠልጥሎ አብሮን የመጣ ሰው እጅ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጨብጧል፤ የቀረው ቦታ ላይ ግን ዘይቱን በየስንጥቁ አስገብቶ አሽቶታል። በቀስታ፣ የሕፃን ገላ እንደሚቀባ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ እጅ የኢቮንን መኪና ሲንከባከብ የኖረው ዛሬ ብቻ አይደለም። የኔን አንድ ቀን እንኳ አልነካልኝም።

ከፍርሃቱ በፊት የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «እሱ ይህም አለው!» ነው ያልኩት።

«ምን አየህ?» አለ ኢቮን።

«ምንም።»

«ጥግ ላይ አንድ ቦታ የዘለልኩ መሰለኝ።»

መርጫውን ይዞ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ።

ፉ... ፉ...

መርጫው ቆመ።

«አንተ!» ብሎ ሳቀ። «ክንድህን ከደረቴ ላይ አንሳ፣ እንደ ዓሣ ይቀዘቅዛል!»

እኔ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ናቸው።

«ጊስላን... ቀልዱ ይብቃ።»

አሁን አልሳቀም።

ወደ እግሮቹ አየሁ። ቦት ጫማዎቹ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለዋል። ከጎናቸው ሌሎች ሁለት እግሮች አሉ...

ባዶ እግር። አቧራ የለበሱ። ጣቶቻቸው ወደ መሬት የዞሩ።

«ውጣ!» ብል ይበቃ ነበር። በቦት ጫማው ይዤ ብጎትተውም ይወጣ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ።

«ኢቮን! ሾርባው ደርሷል፣ ፍቅሬ!»

ፍቅሬ።

እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

አፌን ዘጋሁ። ባዶዎቹ እግሮች ቀስ ብለው ከኢቮን እግሮች ጋር ተጠላለፉ።

«ጊስላን...» አለ በሹክሹክታ። «አጠገቤ የተኛኸው... አንተ ነህ አይደል?»

የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩና ወደ ባህሩ የሚወርደውን መንገድ ያዝኩ።

አልመለስኩለትም።