ለወርዲት የተከፈለ መዳፍ

የሲራ አበባ በፈነዳበት ቀን የኤልማድ ቤተ መንግሥት ታላቅ ደወል ማንም ሳይነካው ሦስት ጊዜ ጮኸ። በዚያው ቀን የንጉሡን ታናሽ ልጅ ወርዲትን የቆዳ ሽፍታ ወረሳት። አበባው በወጣ ቁጥር ያሳክካት ነበር፤ የዘንድሮው ግን ለጉድ ነው። ስትፎክተው ቆዳዋ ተላጠ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳቱም አልለቅ አላት።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እህቷ ሚልካ ሰይፏን ታጠቀች። «ቁስል የሚያድነውን ቅባት ከዘንዶው ከአዝራም ዋሻ ሳላመጣ ብመለስ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ» ብላ ማለች።

የተከተላት ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬ ጎርማድ ብቻ ነው። ሰውየው ነጭናጫ ነው፤ ጉልበቱንም ዳገቱንም እየረገመ ሰባት ቀን ወጣ። ክንፋም ጅቦች ገደል ላይ ሲከቧቸው ግን ጋሻው ከፊቷ አልተለየም።

ዋሻው ደርሰው ሚልካ የእህቷን ሕመም ስትነግረው አዝራም አተኩሮ አያት። «ቅባት ብቻውን አያድናትም» አላት። «ልብሷን የት ታሰጫለሽ?»

«በሲራው ማሳ ላይ ነዋ። የአበባው ብናኝ በረከት ስለሆነ የነገሥታት ልጆች ልብስ እዚያ ይዘረጋል። በየማለዳው የማሰጣላት እኔ ራሴ ነኝ።»

«የሚያሳክካት እሱ ነው። አበባው እስኪረግፍ ልብሷን ቤት ውስጥ አድርቂ። ገላዋን ለብ ባለ ውኃ እጠቢና ሳይደርቅ ቅቢያት። ጥፍሯንም ቁረጪላት።»

ሚልካ ያደረገችው ገባት። አከብራለሁ ብላ እህቷን ስታቃጥል ከርማለች።

«ዋጋውስ?» አለ ጎርማድ።

«የአንድ ሰው የመዳሰስ ስሜት። የሰጠኝ ሰው ከእንግዲህ በእጁ ሙቀትም ልስላሴም አያውቅም።»

ሚልካ እጇን ስትዘረጋ ሽማግሌው ቀደማት። «እመቤቴ፣ እርስዎ ገና ልጅ የሚያቅፉ ነዎት። እኔ እስከ ዛሬ የዳሰስኩት ይበቃኛል» አለና መዳፎቹን በዘንዶው ምላስ ላይ አሳረፈ።

ቅባቱን ይዘው ከተመለሱ በኋላ ሚልካ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ወርዲትም ሳትፎክት መተኛት ጀመረች። ንጉሡ ለጎርማድ ርስት ሲሰጡት ዳገት ነው ብሎ አጉረመረመ። ሚልካ ግን በአደባባይ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች።

«አባ ጎርማድ፣ እህቴን ሰጥተኸኛል። ምስጋናዬ መቼም አያልቅም።»

ወርዲት መጥታ እጇን በመዳፉ ውስጥ አኖረች። ጎርማድ ትንሿን እጅ ቁልቁል አያት።

«ቆዳዋ እንዴት ነው?» ሲል ሚልካን ጠየቃት።

«ለስላሳ ነው» አለችው እያለቀሰች።

«እሰይ» አለ ሽማግሌው፤ የማይሰማውንም እጅ እስኪመሽ ድረስ አልለቀቀም።