አረንጓዴ የበራው መጥሪያ

ሽማግሌው ሞተውም አውራ ጣታቸው ከመጥሪያው ቁልፍ ላይ አልተላቀቀም። ከቁልፉ በላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት እንደበራች ነው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ጣታቸውን አየችና ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ አስታማሚዋ ነርስ፣ ምርኩዝ የተደገፉት የሟች ባለቤት፣ እንዲሁም መርዶውን ሰምቶ ከቤቱ እየከነፈ የመጣው ልጃቸው ቆመዋል።

«አባዬ ጠርቷታል!» አለ ልጁ ወደ ነርሷ እየጠቆመ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ መጥሪያውን የሠራው ራሱ ነው። «አረንጓዴ የሚበራው ጥሪው እሷ ክፍል ያለው ጥሪ ተቀባይ ሰርቨር ጋ ሲደርስ ነው። እየሰማች ዝም አለችው። ትታሰርልኝ!»

የነርሷ ፊት ዐመድ መሰለ። «እናቴ ትሙት፣ ደወሉ እንደጮኸ ነው የሮጥኩት! ስደርስ ግን እጃቸው ቀዝቅዟል።»

«ከቀዘቀዘ ታዲያ ማን ደወለልሽ? ሙት ይደውላል?» አለ ልጁ።

ወንፊት ይህን ጥያቄ በልቧ ያዘችው። «እማማ፣ እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?»

«ታች ክፍሌ፣ ከልጄ ጋር ሳወራ።» በእንባቸው መሃል ፈገግታ ብልጭ አለ። «ሁልጊዜ ‹ሥራ ላይ ነኝ› እያለ ይዘጋብኝ ነበር። ዛሬ ግን ዕድሜ ይስጠውና የልጅነቱን እያነሳን ስንስቅ ቆየን።»

«በስልክ?»

«በመጥሪያዬ ነዋ። እሱ ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ይገባበታል።»

«ስትጨርሱስ?»

«ገና ከመዝጋቴ ይቺ ልጅ ደረጃውን ስትሮጥ ሰማኋት።»

ወንፊት ሁሉንም ነርሷ ክፍል ሰበሰበች። የቤቱ መጥሪያ ሁሉ የሚያልፍበት ሰርቨር መስኮቱ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። «በስልክህ እናትህ መጥሪያ ጋ ግባ፤ እንዳትዘጋ» አለችው ልጁን። ከዚያ ፎቅ ላይ ሟች ክፍል የቀረውን ፖሊስ ተጣራች፦ «የሟችን ቁልፍ ተጫን!»

«አረንጓዴ በርቷል!» አለ ፖሊሱ።

ነርሷ ክፍል ያለው ደወል ግን ጭጭ።

«አሁን ዝጋ።»

ልጁ ስልኩን ዘጋ። ደወሉ አንባረቀ። ነርሷ ልማድ ሆኖባት ወደ በሩ ተፈናጠረች፤ ከዚያ ቆመችና ፊቷን ሸፈነች።

«አረንጓዴው ‹ወረፋ ይዘሃል› ነው እንጂ ‹ተሰምተሃል› አይደለም» አለች ወንፊት። «ሰርቨርህ ለእያንዳንዱ ደዋይ የራሱን ትሬድ ቢከፍት፣ ማለትም ለየብቻ የሚያስተናግድ ቢመድብ፣ ሁለቱም በአንዴ ይሰሙ ነበር። ያለው ግን አንድ አስተናጋጅ ነው፤ እሱም በእናንተ ጨዋታ ተይዟል። ስትዘጉ የአባትህ ተራ ደረሰ። ያን ጊዜ እሳቸው የሉም። ይቺ ልጅ በደሏ ምኑ ላይ ነው?»

«ነበረው እኮ…» አለ ልጁ። «ድምፆች ሲቀላቀሉብኝ ትሬዱን አወጣሁት። ለጊዜው ብዬ። አንድ በአንድ ስሞክረው ይሠራል… ሁለቱ አንድ ላይ ሲደውሉ አልሞከርኩትም።»

አሮጊቷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ቆዩ። ቀስ ብሎ ገባቸው።

«እሱ ሲጠራ… እኔ እስቅ ነበር?»

ምርኩዙ ከእጃቸው ወደቀ። ፈጥና የደገፈቻቸው ነርሷ ነች። ልጁ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያቸው አልቻለም።

«አንቺ አይደለሽም፣ እማዬ» አለ። «ያሳቅኩሽ እኔ ነኝ።»