ጆሮ የሚበላ ሄድፎን

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ፤ አንዲት ነገር አልጨመርኩም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኪንሻሳ፣ ማቶንጌ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለችው ስቱዲዮዬ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለዚህ ጨለማ ነበር፣ እንቅልፍ ጥሎህ ነው እንዳትሉኝ።

ኢሊንጋ እባላለሁ። ሥራዬ የተቀዳ ዘፈን ማስተካከል ነው። እንጀራዬ ጆሮዬ ነው።

የዚያን ቀን የያዝኩት የፕሬዚዳንት ሉቶንዲ ዘፈን ነበር። እኛ ዘንድ የባንድ መሪ ፕሬዚዳንት ነው የሚባለው። የሚገዛው ሀገር ባይኖረውም ይንቀባረራል።

ታላቅ እህቴ ክሌሜንቲን፣ እኔ ያያ የምላት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዘፍናለታለች። ሳንባዋ ሲታመም አባረራት። ይቺ ዘፈን ከመባረሯ በፊት የቀዳቻት የመጨረሻዋ ናት። ከሞተች አርባ ቀን እንኳ አልሞላትም ነበር።

ሆስፒታል ተኝታ፣ እጄን ይዛ፣ "ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው። የኔን ድምፅ ግን እንዳትነካ" ብላኝ ነበር።

"እሺ ያያ" አልኳት።

ነካሁት...

ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ጊታሩ ሲፈጥን የትልልቅ ሰዎች ስም እየተጠራ ይወደሳል። ወጋችን ነው፤ ስሙ ያልተጠራ ጌታ ያኮርፋል። እሷ ብቻዋን የምትዘፍነው ደግሞ እዚያው ላይ ነበር። ሉቶንዲ ደወለና፣ "የእህትህን አጥፋና ስሞቹን ደርድርበት። ለሞተ ሰው ማን ይጨፍራል?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን እሺ አልኩት። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ። አጠፋሁት። መጠባበቂያ ቅጂውንም ጭምር።

ከዚያ ሄድፎኔን አጠለቅኩ።

ስስስስ...

መርፌ ነው። ቀጥ ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኔ ሄድፎን ቀጭን ድምፅ ላይ ስል ነው። ከከበሮው ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን ጩኸት፣ ዘፋኙ "ስ" ሲል የሚወጣውን ፉጨት ሁሉ አጉልቶ ያወጣዋል። እንደሱ ስል ከሆነ አምፕሊፋየር ጋር ካጋባችሁት ሁለት ነገረኛ አንድ ቤት አስገባችሁ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት ጆሮ ይዝላል፣ ራስ ይፈልጣል። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ የብርጭቆ አምፖል ካለው አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር የማጋባው። እሱ ረጋ ያለ ነው፤ ያለዝበዋል። ሃያ ዓመት ጆሮዬን ያቆየሁት በዚህ ነው።

የዚያን ቀን ግን አልለዘበም።

ሽቦውን አየሁ፣ ደህና ነው። አምፖሎቹም በርተዋል። ድምፁን ቀነስኩ። ጊታሩ ቀነሰ፣ ከበሮው ቀነሰ። ያ ፉጨት ግን ንቅንቅ የለም።

ሌላ ሄድፎን አመጣሁ፤ ድፍን ያለ፣ ቀጭን ድምፅ ጭራሽ የማያወጣ።

ያው ነው።

ዘፈኑን አቆምኩት።

አልቆመም...

ያኔ ገባኝ። ፉጨት አይደለም። ትንፋሽ ነው። ዘፋኝ ልትጀምር ስትል የምትስበው ትንፋሽ... በታመመ ሳንባ።

"ያያ?" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"ለሱ..." አለችኝ። "ለሱ አሰማው።"

በሩ ተንኳኳ።

ሉቶንዲ ነው። በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ።

"ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ጨረስክ?"

"ጨርሻለሁ ፕሬዚዳንት።"

"ስሞቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ?"

"ይቀመጡና ይስሙት።"

እውነቱን ልናገር። አምፕሊፋየሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የብርጭቆውን ነቀልኩና ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን ስሉን አምፕሊፋየር ሰካሁ። ስል ከስል። እህቴን እንደበላት ጆሮውን እንዲበላው ፈልጌ ነው።

ስሉን ሄድፎን አጥልቆ መጀመሪያ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ መነቅነቁን ተወ።

"አጥፋት ብዬህ አልነበር?"

"አጥፍቻታለሁ።"

"እንግዲያ ይቺ ማናት?"

ድምፁን ጨመርኩለት።

"ዝም አሰኛት..." አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

እጆቹን ወደ ሄድፎኑ ሰደደ። ሊያወልቀው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ይጫነዋል... በሁለት እጁ፣ ወደ ውስጥ፣ ጆሮው ላይ ይጫነዋል። ዓይኑ እኔን እያየ "አውልቅልኝ" ይላል።

አላወለቅኩለትም። ቆሜ አየሁት። ደም በአንገቱ ወርዶ ኮሌታውን ሲነካ እንኳ ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረው አይሰማም። ቀኑን ሙሉ "ዝም አሰኟት" ይላል አሉ።

ሄድፎኑን አንስቼ አጠለቅኩ።

"ያያ፣ ተበቀልኩልሽ" አልኳት።



ትንፋሿ መጣ። በጣም ቅርብ።

"እሱ አዘዘ" አለች። "ያጠፋኸኝ ግን አንተ ነህ።"

ከዚያ ድምጿ ተቆረጠ።

ዘፈኑ በሳምንቱ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፤ ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስቱዲዮዬ በር ላይ የካሳቫ ዳቦ የምትሸጠው ማማ ንሴካ አስቆመችኝ።

"ልጄ፣ እህትህ መጨረሻው ላይ ምን ሆና ነው እንዲያ የዘፈነችው? አስለቀሰችኝ እኮ።"

"የቱ ጋ?"

"አትቀልድብኝ። ስሞቹ የሚጠሩበት ጋ ነዋ።"

ሮጬ ገብቼ ሰማሁት። በለዘበው አምፕሊፋየር፣ በስሉ፣ ባሉኝ ሄድፎኖች ሁሉ። የሷ ቦታ ላይ ሲደርስ... ምንም አይሰማኝም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጆሮህ የወጣት ጆሮ ነው አለኝ።

ትናንት ማቶንጌ መሃል ስሄድ ዘፈኑ ከየመጠጥ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ጊታሩን ሰማሁ። ከበሮውን ሰማሁ። የሷ ቦታ ደረሰ...

ጊታሩ ጠፋ። የታክሲው ጥሩምባ ጠፋ። የገዛ እርምጃዬ ጠፋ።

መንገዱን የሞላው ሰው ግን አብሯት እየዘፈነ ነው። ማማ ንሴካ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ በታክሲው መስኮት ያሉት ተሳፋሪዎች። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል... ይከፈታል፣ ይዘጋል...

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል።