ሠላሳ ደቂቃ ይርቃል

«ቀጣዩ ማረፊያ ምን ያህል ይርቃል?» አለች መርማሪዋ።

«ሠላሳ ደቂቃ።»

«ርቀቱን ነው የጠየቅኩዎት።»

«እኔስ ምን መለስኩልሽ?» አለ የአውሮፕላን ማረፊያው ኃላፊ እየሳቀ። «እዚህ ቤት ኪሎ ሜትር የሚቆጥር የለም፣ የኔ እህት።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አየት አድርጎ መቶ ሰማንያ መሆኑን ነገራት።

እሷ አልሳቀችም። ከእግራቸው ሥር የማረፊያው መካኒክ ሬሳ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ሰውየው ጭንቅላቱን በገዛ መፍቻው ተመትቷል። ኃላፊው ግን ከመጣች ጀምሮ የሚያወራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚነሳው በረራና ስለ ዐሥራ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ነው። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ማስታወሻዋን ከፈተች።

ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሟቹ፣ ኃላፊው፣ አብራሪውና ግምጃ ቤት የሚሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ናቸው። የሟቹ ሚስት እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ድረስ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ነበር። የአውሮፕላኑ ሞተር ዘይት ስለሚያንጠባጥብ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ እንደማይፈርም ነገራት፤ «ሰው መጣ፣ ልዝጋው» ብሎም ዘጋ። በበረራ መዝገቡ ላይ ደግሞ ኃላፊውና አብራሪው ሦስት ሰዓት ከሩብ ተነስተው ቀጣዩ ማረፊያ ላይ አራት ሰዓት አርፈዋል። ምድር ላይ የቀረው ወንድምየው ብቻ ነው፤ ያውም ጠዋት በአንድ መሰርሰሪያ ሰበብ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። ሞተሩ ሩብ ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ሲጮህ ነበር ቢል የሚሰማው አጥቶ በካቴና ታስሯል። ሚስትየውም «ወንድምህን በላህ» ብላ ፊቷን አዙራበታለች።

መርማሪዋ ሁሉንም አውሮፕላኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«አራት ሰዓት ማረፋችሁን እዚያ ያለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ መዝግቦታል። እዚህ ግን ማማ የለም፤ መነሻውን የጻፋችሁት ራሳችሁ ናችሁ። በእናንተ መዝገብ በረራው አርባ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል።»

«ነፋስ ነበራ» አለ ኃላፊው።

«ነበር። ማማው እሱንም ጽፎታል፤ ከኋላችሁ ነው የነፈሰው። የሚገፋ ነፋስ ያዘገያል? ሳያስቡ የመለሱልኝ እሱ ነው እውነቱ፤ ሠላሳ ደቂቃ። የተነሳችሁት ሦስት ተኩል ላይ ነው።» ወደ አብራሪው ዞረች። «ሞተሩ እየሠራ አብራሪ ጥሎት ይወርዳል?»

«አይወርድም።»

«ታዲያ ማን ወረደ?»

አብራሪው ኮፍያውን አወለቀ። «አስፈርሜ ልምጣ ብሎ አለቃ ወረደ። ወረቀቱን ይዞ መጣ። ዘገያችሁ እንዳንባል መነሻውን ሦስት ከሩብ በለው አለኝ፣ ጻፍኩ።»

መርማሪዋ የተፈረመውን ወረቀት ከበረራ መዝገቡ አውጥታ ለሚስትየው ሰጠቻት። ሴትየዋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ የሱ ፊርማ አይደለም።»

«አንድ መካኒክ ሥራዬን ያስቁምብኝ?» አለ ኃላፊው።

የመርማሪዋ ድምፅ ከፍ አላለም። እስከዚያ ድረስ አንቱ ስትለው ቆይታ፣ ያኔ ግን አንተ አለችው።

«ሰውየውን ገደልከው። ወንድሙን አሳሰርከው። አሁን ደግሞ በዚያው ሞተር ዐሥራ ሁለት ሰው ልትጭን ነበር።»

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወልቆ ኃላፊው እጅ ላይ ገባ። ተሳፋሪዎቹ በአውቶቡስ ሄዱ፤ መንገዱ አምስት ሰዓት ፈጀባቸው፤ ሁሉም ደረሱ።