ሰባ አራተኛው ደቂቃ

«ከ1 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይቀጥል?» የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ተገትሯል።

ሪሞቱን የያዘችው ልጅ ጆሮዎቿ ጋሉ። ይህን ፊልም እናቷ የሆስፒታል ተረኛነቷን ጨርሳ ቅዳሜ ከሰዓት እስክትቀመጥ ድረስ ማንም ላያየው ተማምለው ነበር።

ቤተሰቡ «ኢንጂነር» ይላታል። የአባቷ ሁለት መቶ ምናምን ፊልሞች «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻ አዲስ» በሚሉ ስሞች ተዝረክርከው ኖረው፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ በጫነችው ፕሮግራም እያንዳንዳቸው ፖስተር ለብሰው በየዓይነታቸው የተሰለፉት በእሷ ነው። ፕሮግራሙ ሰው የት ላይ እንዳቆመ እንደሚያስታውስ ግን ረስታ ነበር።

«ማነው?» አለች እናቷ። ነርስ ናት፤ ክኒኑን ትራስ ሥር የሚደብቅ በሽተኛ የምትይዝበት ዓይን አላት።

ሁሉም ወደ ዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ወደ ቁንጫ ዞሩ።

«እማ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም።»

«እኔን ሳትገድል ተነስ። ዛሬ ፊልም የለህም፤ ሳህኖቹ ይጠብቁሃል።»

ቁንጫ ከንፈሩን ነክሶ ተነሳ። ሳምንቱን ሙሉ «ስንት ቀን ቀረ?» ሲል የከረመው እሱ ነበር። ኢንጂነር ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያየችው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ግን እስከ ሃያ ደቂቃ ብቻ።»

«የቀረውንስ?»

ልብስ ሰፊው አባቷ አንገቱ ላይ የረሳውን ሜትር ጎተት ጎተት አደረገ። «እኔ እንኳ... ረቡዕ ለት ድምፁ ይሠራ እንደሆነ ልፈትሽ ብዬ ነው።»

«ስንት ደቂቃ ፈተሽክ?»

«እስከ አርባ ምናምን።»

አያታቸው በድንገት መጋረጃውን በጥሞና መመርመር ጀመሩ።

«እማዬ፣ አንቺም?» አለች እናቷ።

«ምን ላድርግ፣ ቁልፉን ስጫነው ከመሀል ጀመረልኝ» አሉ አያት። «ያ ባለ ባርኔጣ ጀልባውን ለምን እንደሰረቀ እስካሁን አልገባኝም።»

«አልሰረቀም እኮ እማማ፣ የራሱ ነው» አለች ኢንጂነር ሳታስበው። «መጀመሪያ ላይ ነው የ—»

«ኧረ እኔ ገና አላየሁትም» አለች እናቷ፤ ሳቋም አመለጣት። «እሺ፣ ሦስት ሳህን አጣቢ አገኘሁ። ከፊልሙ በኋላ። ቁንጫዬ፣ ና፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቁንጫ እንደ ዳኛ ኮራ ብሎ ሶፋው መሀል ተቀመጠ።

አባቷ ወደ ኢንጂነር ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «ይሄ ነገር ለየሰዉ የየራሱን ገጽ ይከፍታል አሉ። አንዱ የሌላውን እንዳያይ።»

ይከፍታል። እሷም ከደቂቃዎች በፊት ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ቁንጫን አየችው፤ አያቷን አየቻቸው፤ ትራሳቸውን እያመቻቹ ነው።

«ይከፍታል» አለች። «ግን አንዱ ይበቃናል።»

ሪሞቱን ለቁንጫ አቀበለችው። እሱም ሦስቱን ጥፋተኞች በየተራ ገረመማቸውና «ከመጀመሪያው» የሚለውን ተጫነ።