ከሟቹ አንገት ላይ የተገኘው ባይኖኩላር

ሌስተር ፕሪንግል ከቀዩ ገደል ሥር፣ ውሃ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። የዓይን መነጽሩ አንዱ መስተዋት ረግፎ፣ ክፈፉ ተጣሞ ከአንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል። አንገቱ ላይ ያለው አዲስ ባይኖኩላር፣ የሩቅ ማያው መነጽር፣ ግን ደረቱ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። አንድም ጭረት የለበትም።

መርማሪ ናሬል ኮስቴሎ ከአስከሬኑ ይልቅ ባይኖኩላሩን ረጅም ጊዜ አየችው። አሻራ የሚያነሳው ፖሊስ ሥራውን ጨርሶ ራሱን ነቀነቀ፤ ተጠርጎ ንጹሕ ሆኗል። ወደ ዓይኗ ስታስጠጋው የታያት ብዥታ ብቻ ነበር። ምንም ሳትነካካ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

ከብሩም ከተማ ስትነሳ አለቃዋ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር። ገደሉ አጠገብ ያለው የወፍ መመልከቻ ጣቢያ ጠባቂ ደሪል ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ ከዚህ በፊትም ሰው ደብድቦ ታስሯል፤ ይዘሽው ነይ። ደሪል እጁ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

«ሰድበኸዋል?» አለችው።

«ሰድቤዋለሁ እንጂ! ከሳይቤሪያ ድረስ በርረው የመጡ ወፎች ደክሟቸው ባረፉበት መሐል ሰተት ብሎ ገባባቸው። አንቺ ብትሆኚ ትስሚው ነበር?»

«ገፍትረኸዋል?»

«እኔ ብሆን ገደል ምን ያደርግልኛል? ጭቃው ውስጥ ብከተው ማን ያገኘዋል?»

«ይቺን ለዳኛው እንዳትነግረው።»

ደሪል ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ምን ብነግረው ያው ነው። አንዴ የታሰረ ሰው ነኝ። አሁን ከገባሁ ሽማግሌ ሆኜ ነው የምወጣው፤ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ስለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የተራመደችው።

የሟቹ ሚስት ዊኒፍረድ ጣቢያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ባይኖኩላሮች ተደርድረዋል። አንደኛው የአዲሱ ሞዴል ቀዳሚ ነው፤ ሁለቱ የተቀናቃኝ ድርጅቶች ናቸው። ሌስተር እነዚህን ከአዲሱ ጋር እያወዳደረ ለወፍ ተመልካቾች መጽሔት ይጽፍ ነበር። እሱ የነቀፈውን ማንም አይገዛም።

«እንዴት ነበር የሚያወዳድራቸው?»

«እያሠቃየ» አለች ዊኒፍረድ። «ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ያሳድራቸዋል። ትናንት ጠዋት ከባልዲው ሲያወጣቸው ‹ከአራቱ አንዱ ውሃ ገብቶበት መስተዋቱ ከውስጥ አልቦታል› አለኝ።»

«የትኛው?»

«ጽፎ ሳይጨርስ ለእኔም አይናገርም። አርባ ዓመት እንዲህ ነው።»

ናሬል ሦስቱን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ያዘቻቸው። ደረቅ ናቸው። ሟቹ አንገት ላይ የነበረውም ደረቅ ነው።

«ባለቤትዎ በባይኖኩላር ሲያዩ የዓይን መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር?»

«ሌስተር? መነጽሩን ካወለቀ እኔንም አያየኝ።»

ክሌይተን ሩድ በረንዳው ላይ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። አዲሱን ሞዴል ይዞ ከሜልበርን የመጣ የአምራቹ ሻጭ ነው፤ ጫማው እስካሁን ይብረቀረቃል።

«የኔ እህት፣ አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው» አላት። «ሰውየው ታስሯል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ትንሽ ነገር። አዲሱን ባይኖኩላር ለሟቹ መቼ ሰጧቸው?»

«የመጣሁ ዕለት። ከዚያ ወዲህ በእጄ አልነካሁትም። በአገሩ ያለው እሱ አንድ ብቻ ነው።»

«ደሪልን ገደሉ ላይ አየሁት ብለዋል፤ በምን አዩት?»

«በድሮው ሞዴል፣ ከዚሁ በረንዳ። ሲመሻሽ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።»

ናሬል ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ደሪልንም ከነካቴናው አስመጣችው። ነፋስ የለም። ከፊታቸው ባሕሩ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ግራጫ ጭቃ እየገለጠ ነው። ወፎቹ የውሃውን ጠርዝ ተከትለው ይሄዳሉ።

«አቶ ሩድ፣ አለቃዬ ከዚህ ሆኖ ገደሉ ላይ ያለ ሰው መልክ አይለይም ይላል። ምስክርነትዎ ሊወድቅ ነው።»

«ማን ነው አይለይም ያለው?»

«እንግዲህ ያሳዩኝ።» ከሟቹ አንገት የተወሰደውን ባይኖኩላር ሰጠችው። «አዲሱ ከድሮው ይበልጣል አይደል? ያቺ ዳር ላይ የቆመችው ወፍ እግሯ ላይ ቢጫ ምልክት አለ። ጽሑፉ ይነበባል?»

«ይነበባል ወይ!» ክሌይተን አንሥቶ ዓይኑ ላይ ገጠመው። «ኬ ሰባት።»

«ልክ ነው» አለ ደሪል። «ትናንትም እዚያው ነበረች።»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ዊኒፍረድ። «በገዛ አፍህ ልትታሰር ነው?»

ናሬል ባይኖኩላሩን ተቀብላ ለዊኒፍረድ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በዓይኖቿ መራራቅ ልክ አጠበበችው፣ ዓይን የሚያርፍበትን ጎማ ገፋች፣ ቀኝ ዓይንን ለብቻው የሚያስተካክለውን ቀለበት እስኪበቃት አዞረች።

«አያችሁ?» አለች ናሬል። «የሌላ ሰው ባይኖኩላር የያዘ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የዚህ ቀለበት እስከ መጨረሻው ዞሮ ነበር። እኔ ባየው ብዥታ ነው። አቶ ሩድ ግን ምንም ሳይነኩ አነበቡ። ለዓይናቸው የተሠራ ያህል ነው።»

«ለሌስተር ከመስጠቴ በፊት ሞክሬው ይሆናል!»

«ሌስተር ሁለት ቀን ተጠቅሞበታል። ከዓይን መነጽሩ ጋር የሚያይ ሰው ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አለዚያ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ይህ ሲገኝ ጎማው ወጥቶ ነበር። ሰውየው ወድቆ መነጽሩ ሲሰበር፣ ባይኖኩላሩ አልተጫረም። ከወደቀ በኋላ ወርዶ አንገቱ ላይ ያጠለቀለት ሰው አለ።»

«ለምን ብዬ?»

«ከአራቱ አንዱ ውስጡ አልቦ ነበር፤ አሁን አራቱም ደረቅ ናቸው። ያላበው አዲሱ ነው። ከድሮው የባሰ መሆኑ ቢታተም እርስዎ አበቃልዎት። ገደሉ ላይ ለመኑት፤ እንቢ አለ፤ ገፈተሩት። ሌስተር ያለ ባይኖኩላር ቢገኝ ሁላችንም እንፈልገዋለን። በአገሩ አንድ ብቻ ነው ቢሉም ሁለተኛ ነበረዎት፤ ስለዚህ ያላበውን ወስደው የራስዎን ተኩለት። የቀረዎት ወንጀሉን የሚሸከም ሰው ማግኘት ነው፤ ደሪል ደግሞ አለ።»

«ወሬ ነው! ሌላው የት አለ? አምጪዋ!»

«ትናንት ሲመሽ ውሃው የገደሉን ግድግዳ ይመታ ነበር። እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ ባሕሩ እዚህ ሞልቶ እንደሚሸሽ አያውቁም፤ ጥልቅ ነው ብለው ያላበውን ወረወሩት። ደሪል፣ አሁን እዚያ ምን አለ?»

«ጭቃ» አለ ደሪል። «በእግር እንሄድበታለን።»

የክሌይተን ዓይን ሳይፈልግ ወደ ገደሉ ግርጌ ሄደ። ከዚያ መመለስ አቃተው። ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ የብር ክር መስሏል፤ የተወው ሜዳ ጥቁርና እርጥብ ነው።

ናሬል የደሪልን ካቴና ፈታች። ደሪል የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ወደ ጭቃው ወረደ። ፖሊሱ ከክሌይተን ኋላ መጥቶ ቆመ።

ገደሉ ሥር ሲደርስ ደሪል ጎንበስ አለ። ለማየት ማንም ባይኖኩላር አላነሣም። ከእጁ የተንጠለጠለው፣ ጭቃ የሚያንጠባጥበው ባይኖኩላር ከነማንገቻው በባዶ ዓይን ይታይ ነበር።