ሊቆይ የሚችል

«አንቺ፣ ይኼን ስልክ አንድ በይልኝ። ሞላሁ እያለ አላሠራ አለኝ» አለች እናቷ፣ ጆሮዋ ላይ ሌላ ስልክ እንደለጠፈች።

ልጅቷ ተቀበለቻት። የእናቷ ሥራ የሊፍት ብልሽት ጥሪ ተቀብሎ ቴክኒሻን መላክ ነው። አልዘጋ ያለ በር፣ የዘገየ መለዋወጫ፣ ፎቅ መሀል ቀጥ ያለ ሊፍት፣ ሁሉም በዚያ ስልክ ይጎርፋል። በቅርቡ መሥሪያ ቤቱ መላ አመጣ፤ መልእክቱን ሁሉ አንብቦ፣ እናቷ በዚያች ሰዓት የያዘችውን ሥራ አይቶ፣ የሚያስፈልጋትን ብቻ ከላይ የሚያወጣ ፕሮግራም። የጫነችላት ልጅቷ ናት።

«ከሱ ወዲህ እናትሽ ሰው ሆናለች» አለ «ቡሎን» እያሉ የሚጠሩት ቴክኒሻን ከቢሮው ጥግ የመሣሪያ ሳጥኑን እያነሳ። «ድሮማ ስሜም ይጠፋት ነበር።»

«አሁንም ጠፍቶኛል። ሂድ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ቀርቷል።»

እየሳቀ ወጣ።

ልጅቷ ትርፉን ልታጠፋ፣ ፕሮግራሙ ወደ ታች ያወረደውን «ሊቆይ የሚችል» የሚለውን ክፍል ከፈተች። ማስታወቂያ፣ የመልካም ቀን ምኞት፣ ከመሀል የራሷ ፎቶ ያለበት መልእክት። ፊት ለፊት መናገሩ ከብዷት ሰኞ የላከችው ነው፦ «እማ፣ ከክፍል ስለቀረሁ ትምህርት ቤት ይፈልጉሻል። እስከ ዓርብ ካልመጣሽ ፈተና አያስገቡኝም።» አልተከፈተም። ፕሮግራሙ ከሥሩ ምክንያቱን ጽፏል፦ «ይህ ላኪ ሲጽፍልዎ ብዙ ጊዜ ሳይከፍቱ ያልፉታል።»

ነገ ዓርብ ነው።

መናደድ ነበረባት። ግን ምንም አልተሰማትም። ክፍል መግባት ትታ አጥር ሥር ተቀምጣ ስትውልም እንዲሁ ናት፣ ተኝተውበት እንደደነዘዘ እጅ። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ ከእናቷ ያየውን ነው የሠራው። በጣቷ ብትጎትተው መልእክቱ «አስቸኳይ» ውስጥ ገብቶ ከሊፍቶቹ ኋላ ተራ ይይዛል። ጣቷን አሳረፈችበት። ቆይታ አነሳችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ነገ ትምህርት ቤት መምጣት አለብሽ።»

«እሺ የኔ እናት፣ ላኪልኝና አየዋለሁ» አለች እናቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«አልልክም።»

እናቷ ቀና አለች። ልጅቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ጥሪሽን ጨርሺ። እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»